ግማሽ ገጽ ለመሙላት

«ኡሚ፣ ዛሬ ክዳኑ ጠበቅ የሚለውን ምሳ ዕቃ ስጪኝ» አለች ጀና ከመጋረጃው ወዲያ። «ያኛው ላላ ይላል። ሉሊት ስታልፍ ቶሎ አይገጥምም።»

ሸፊ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ የተቀጠለች አንድ ክፍል ናት። መኝታውን ከማብሰያው የምትለየው ያቺ ጽጌረዳ የታተመባት መጋረጃ ብቻ ስለሆነች፣ እዚያ ቤት የተባለን ነገር አልሰማሁም ብሎ መማል አይቻልም። ሚስቱ ሙኒያ መኮሮኒውን ወደ ምሳ ዕቃው እየጨለፈች «ሉሊት ስታልፍ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱም ልጅነት ነውና፣ ማታ ዝናብ ዘነበ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ ነገረቻት። ሰኞ ዕለት ቲቸር ጢሞቴዎስ አምስተኛ ክፍሎችን ስለ ሰፈራችሁ ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ ኑ ብሏቸው ነበር። በማግስቱ የፀጉር አስተካካዩ የጃለታ ልጅ በዳሳ በእናቱ ስልክ ያገኘውን ገልብጦ መጣና፣ ቲቸር እስኪገባ ድረስ ዴስክ ላይ ወጥቶ አነበበላቸው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ዓይናቸው ክፉ ነው ይላል፤ በሚበላ ሰው ላይ ካረፈ ያሳምማል ይላል። የሉሊት እናት ደግሞ ሸክላ ሠሪ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በምሳ ሰዓት ሉሊት በዴስኮቹ መካከል ስታልፍ፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከፊት እስከ ኋላ ይገጠማል።

«አንቺስ ከደንሽ?» አለቻት ሙኒያ።

«አንዴ። ሁሉም ሲከድን ጊዜ።»

«እንዲህ ያለውን ነውር ማን አስተማራቸው?»

«ኢንተርኔት ላይ አለ እኮ፣ ኡሚ። ‹የሰፈራችን ታሪክ› የሚል ገጽ ላይ።»

ጭልፋው ቆመ። ሸፊ ሙኒያን አያያትም፤ ግን ጭልፋው እንደቆመ፣ ፊቷም ወደ መጋረጃው እንደዞረ አወቀ። ዐሥራ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም። ከዚያ ያው የላላው ክዳን ተገጠመ። ሙኒያ ልጇን እስከ ደጅ ሸኝታ «በዚሁ ሂጂ። ሉሊት ስታልፍ ክፍቱን ተዪው» አለቻት።

ገጹን የጻፈው ሸፊ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ጀና ገና በሙኒያ ጭን ላይ ሆና ገንፎ የምትጎርስ ጊዜ፣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ሱቁ መጥቶ ስለ ሰፈራችን ታሪክ ሁለት ገጽ ጻፍልኝ አለው። ሸፊ የሚያውቀውን ጻፈ። ስለ ቁልቁለቱ ጻፈ፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ንግሥ ጻፈ፣ እነ አባቱ ከስልጤ መጥተው ጨርቅ እየዞሩ ስለ ሸጡበት ዘመን፣ ስለ ሸማኔውና ስለ ሸክላ ሠሪው ጻፈ። ያም ሆኖ አንድ ገጽ ተኩል ላይ አለቀበት። ያኔ የአንድ ገጽ ጽሕፈት ስምንት ብር ነበር፤ ግማሽ ገጽ ባዶ ሰጥቶ የሁለት ገጽ ማስከፈል ደግሞ ሌብነት መሰለው። አያችሁት የሰው ልጅ ነገር፣ ከዚህኛው ሌብነት ሲሸሽ ነው ወደዚያኛው የገባው። ልጅ ሳለ አክስቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር የሰማውን ክፉ ወሬ፣ የእነ እገሌ ዓይን እንዲህ ያደርጋል የምትለውን፣ ሻዩን ፉት እያለ ጻፈና ግማሹን ገጽ ሞላው። ሙኒያ በትከሻው በኩል አንብባ «ይሄን እንኳ ተወው፣ ነውር ነው» ብላው ነበር። «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው» አላት። በዚያው ሰሞን የአጎቱ ልጅ በነፃ ዌብሳይት መክፈት አሳይቶት ስለነበር፣ የሚለጥፍበትም ነገር አልነበረውምና፣ ያንኑ ጽሑፍ ከጣሪያው ላይ ካነሳት አንድ ፎቶ ጋር ለጠፈው። ከዚያ ረሳው።

ዛሬ ሱቁን እንደከፈተ መጀመሪያ ያደረገው ገጹን መፈለግ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ግድግዳው ላይ በራሱ እጅ ያተመው የዋጋ ዝርዝር አለ። ፕሪንት ዐሥር ብር፣ ፎቶ ኮፒ አምስት ብር፣ ማመልከቻ ሰባ ብር፣ «የተማሪ ጥናት ከኢንተርኔት ፍለጋ ጋር» ሃምሳ ብር ይላል። በሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠሏ ተንዠርግጎ የወረደ አበባ በትልቅ የሸክላ ማስቀመጫ ተቀምጣለች። ገጹን አገኘው፤ አንዲት ፊደል ሳትነካ እንደተወው ነው። ሊሰርዘው ሞከረ። የይለፍ ቃሉ አይታወስም። የማረጋገጫ ቁጥሩን ወደ ስልክዎ ልኬያለሁ አለው፤ ስልኩ የቀድሞ ቁጥሩ ነው፣ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ። ደወለበት። አንዲት ሴት አነሳች።

«እህቴ፣ አሁን አንድ ኮድ በመልእክት ገብቶልሽ ይሆናል፤ ብታነቢልኝ...»

«አንተ ማነህ?»

«ሸፊ እባላለሁ፣ ከአዲስ አበባ። ቁጥሩ ድሮ የኔ ነበር።»

«የእኔን ስልክ በምን አወቅህ? ኮዱንስ ምን ልታደርግበት ነው?» አለችውና መልሱን ሳትጠብቅ «ኮድ አንብቢልኝ የሚል ሰው ሌባ ነው ብለውናል፣ ወንድሜ። በል ደህና ዋል» ብላ ዘጋችው። ሸፊ አልተቀየማትም፤ ብልህ ሴት ናት።

ቀጥሎ የጻፋትን ክፉ ዐረፍተ ነገር እንዳለች አስገብቶ ፈለጋት። በአራት ሌሎች ገጾች ላይ አገኛት። አንዱ ከእሱ ቀድቷል፣ ሌላው ከቀዳው ቀድቷል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከፊቷ አንድ ነገር ተጨምሮባታል፣ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ይላል። ሸፊ ይህን ሲያነብ ጆሮው ጋለ። ጥናቱ እሱ ነው። ጥናቱ አክስቱ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። አንድ ደንበኛ ገብቶ ሲቪ ፕሪንት አድርግልኝ ሲለው ሦስት ኮፒ የተባለውን ስድስት አወጣ።

በምሳ ሰዓት ሙኒያ ምግቡን ክዳን በሌለው ሳህን አምጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆማ የሽንኩርት ዋጋ ታወራለች፣ የታክሲ ሰልፍ ታወራለች፤ ኪሎው ዛሬ ስንት ገባ፣ ነገ ስንት ይገባል ትላለች። ዛሬ ኮምፒውተሩን አየች። ገጹ ተከፍቶ ነበር። አነበበችው፤ ዓይኖቿ ከመስመር መስመር ሲወርዱ አየ። ያንን የድሮውን ‹ማን ያነበዋል› ብታነሳበት እንኳ በቀለለው ነበር። ሳህኑን ወደ እሱ ጠጋ አደረገችለትና ወጣች። ሸፊ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ገፋው። የዐስር ሶላት ሲደርስ መስጊድ ወጣ፤ ሰገደ፤ ስንት ረከዓ እንደሰገደ ግን ጠፋበት።

ከመስጊድ ሲመለስ ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው፣ ጀናና ሉሊት። ሉሊት ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ዓይኗን የማትነቅል ልጅ ናት። ቲቸር ጢሞቴዎስ የክዳኑን ነገር ደርሶበት ኖሯል። ማንንም አልገረፈም፣ ማንንም አልሰደበም። ሁለት ሁለት አድርጎ ቡድን መደባቸውና ያንኑ ገጽ ፕሪንት አድርጋችሁ ሦስት ጥያቄ መልሳችሁ ለነገ አምጡ አላቸው። ማን ጻፈው? የጻፈው ሰው እንዴት ሊያውቅ ቻለ? በመጻፉ ምን አገኘ? ጀናን ሆነ ብሎ ከሉሊት ጋር ነበር የመደባት።

ሸፊ ገጹን አተመላቸው። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ሙቅ ነበር፤ ሉሊት ነበረች የተቀበለችው። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስለ እናቷ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ፈጠን አላለችም፣ ቀስም አላለችም።

«የጻፈው ሰው ስም የለውም» አለች። «ቲቸር ስም የሌለው ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ ብሏል። ጋሼ ሸፊ፣ ሰፈር ውስጥ የኮምፒውተር ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የጻፈውን ሰው ያውቁታል?»

«እ... አይ፣ አላውቀውም» አለ ሸፊ።

እንዲህ ብሎ ወደ ወረቀት መቁረጫው ዞረ፤ የሚቆረጥ ወረቀት ግን አልነበረም። ልጆቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። መምህሩ ፎቶውንም እዩ፣ አንሺው የት ቆሞ ነው ብላችሁ ጠይቁ ብሏቸው ነበርና፣ ሉሊት ወረቀቱን ይዛ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ከፊት ለፊቷ ካለው ሰፈር ጋር አስተያየችው። የመድኃኔ ዓለም ጉልላት ወረቀቱ ላይ በስተግራ ነው፣ ከእሷም በስተግራ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደች። ሌላ እርምጃ ሄደች። «እዚህ ጋ ነው» አለች፤ «ግን ከፍ ማለት አለበት። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው።» ፎቶው ጥግ ላይ የውኃ ሮቶ ትታያለች፤ ክዳኗ በቀይ ገመድ ታስሮ ድንጋይ የተጫነባት። ጀና ያቺን ሮቶ ታውቃታለች፤ ውኃ በመጣ ቁጥር መሰላሉን ወጥታ ክዳኗን የምትፈታው እሷ ናት። ቀና ብላ ጣሪያቸውን አየች፤ ቀይዋን ገመድ አየች። ከዚያ ዝቅ ብላ በመስኮቱ በኩል አባቷን አየችው።

«ከዚህ አይደለም» አለች ጀና። «ሌላ ቦታ ነው። ተዪው በቃ፣ እንሂድ።»

ሉሊት ወረቀቱን አጠፈችና ተከተለቻት። ሸፊ በመስኮቱ በኩል ቁልቁለቱን ሲወርዱ ተመለከታቸው። በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ለደንበኛ ነገ ይደርሳል እያለ፣ ለደላላ የለኝም እያለ። ልጁ ለእሱ ስትዋሽ ግን ያየው ዛሬ ነው። ማንም ሳያስተምራት፣ በአንድ የዓይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ ነበር የቻለችበት።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀና ብቻዋን ተመለሰች። የመልሱን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ከላይ «የቡድኑ አባላት፦ ሉሊትና ጀና» ይላል፤ ከሥር ሦስቱ ጥያቄዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ በታች የተሰመረው መስመር ባዶ ነው።

«ሉሊት አንቺ ሙዪው አለችኝ» አለች። «ቲቸር ካላወቃችሁ አናውቅም ብላችሁ ጻፉ፣ ያወቃችሁትን ከደበቃችሁ ግን ዜሮ ነው ብሏል።» እርሳሷን ጥርሷ ላይ አደረገች። «አናውቅም ልበል፣ አቢ?»

ሸፊ የልጁን ፊት አየ። እሺ ቢላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስምንት ዓመት የተኛ ነገር ሌላ ስምንት ዓመት ይተኛ ነበር፤ ልጅቱም አድጋ አባቷን ታከብር ነበር፣ ወይም ያከበረች ትመስል ነበር። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ማን ጻፈው ከሚለው ሥር «ሸፊ ኑርሁሴን፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለቤት» ብሎ ጻፈ። እንዴት ሊያውቅ ቻለ ከሚለው ሥር «አያውቅም። ሰምቶ ነው» አለ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሰበብ መጻፍ አማረው፤ ወጣት ነበርኩ፣ ሐሳብ አልነበረኝም፣ እንደዚህ ይሆናል አላልኩም ብሎ መጻፍ አማረው። መስመሩ አጭር ነበር። «ስምንት ብር» ብሎ ጻፈበት።

«ቲቸር በእርሳስ ነው ያለን» አለች ጀና፣ ቀስ ብላ።

«ይሁን» አላት። «አንቺ ከእናትሽ ጋ ቆዪ። ይህን መጀመሪያ የማሳየው ሌላ ሰው አለ።»

የሉሊት እናት የብርነሽ ቤት ከቁልቁለቱ ታች፣ የቆርቆሮ አጥሯ ወደ መንገዱ ያዘመመ ግቢ ነው። ሸፊ ሲገባ ብርነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለካፌ የታዘዘ የአበባ ማስቀመጫ ከንፈር እያለሰለሰች ነበር። ከጎኗ ያለቁት ተደርድረዋል፤ ትንሹ መቶ ሃምሳ፣ ትልቁ አራት መቶ ነው፣ ካፌዎቹ ግን ሁሌ ይከራከራሉ። ሉሊት አጥሩ ሥር ተቀምጣ ደብተሯን ታሰምራለች። ብርነሽ ሸፊን ስታየው ጭቃ በነካው እጇ ፈንታ ክርኗን ዘረጋችለትና «ሸፊዬ፣ በምን እግርህ ወረድክ? ሙኒያ ደህና ናት? ሉሊት፣ ወንበር አምጪለት» አለች። ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ የባሏን የጡረታ ጉዳይ የሚያስፈጽም ማመልከቻ በነፃ ጽፎላት፣ እሷም ያቺን ሱቁ በር ላይ ያለችውን ማስቀመጫ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ወጥታ አምጥታለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሱቁ ባለፈች ቁጥር ጎንበስ ብላ የአፈሩን እርጥበት በጣቷ ትለካለች።

ወንበሩ መጣ። ሸፊ አልተቀመጠም። ወረቀቱን አውጥቶ፣ ቆሞ፣ ጥያቄውንም መልሱንም አነበበላት። ሳይገባት እንዳይቀር ፈርቶ ገጹን ማን እንደለጠፈው፣ በዳሳ ከየት እንዳገኘው፣ ልጆቹ ለምን ክዳን እንደሚገጥሙ ነገራት። ብርነሽ ጭቃው ላይ ያለውን እጇን አላነሳችም።

«አውቄያለሁ» አለች ሉሊት ከአጥሩ ሥር፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል። «ጣሪያው የእርስዎ እንደሆነ አውቄያለሁ። ጀና አይደለም ስላለች ነው ዝም ያልኩት።»

ብርነሽ ልጇን አየቻት። «ሁለት ቀን ሙሉ ምሳዋን እንዳለ ስትመልስ ሆዷን አሟት ነው ብዬ ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ምንም የለባትም አሉኝ። መድኃኒት ጻፉልኝ ብዬ ተጨቃጨቅኳቸው።» ከዚያ ወደ ሸፊ ዞረች። «ስምንት ብር?»

«ስምንት ብር።»

ብርነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ ሲነግሩት ውድም ርካሽም እንዳልሆነበት ሰው። ሸፊ ይቅርታ የሚለውን ቃል አመጣው፤ ብርነሽ ግን ጭቃውን ከጣቶቿ መካከል እየጠረገች አቋረጠችው። «አሁን አትበለኝ። አሁን ብትለኝ አፌ እሺ ይልሃል፤ ለምዶበታል፤ ስንቱን እሺ ብሎ ኖሯል። ሆዴ እሺ ሲል እነግርሃለሁ፣ ካለ።» እጇን ወደ ማስቀመጫው ከንፈር መለሰች። «ያቺን ደጅህ ያለችውን ማስቀመጫ መልስልኝ። አበባው ያንተ ነው።»

ሸፊ ዳገቱን ወጣ። ሱቁ በር ላይ ተንበርክኮ አበባዋን ከነአፈሯ ነቀላት። ሥሯ የማስቀመጫውን ቅርጽ ይዞ ወጣ። የት እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ሲቆም ሙኒያ ከውስጥ ወጣች፤ አፉ የተቆረጠ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ይዛለች። ጀሪካኑን ዘርግታ አበባዋን ተቀበለችውና ከተራገፈው አፈር ላይ እየዘገነች ጨመረችበት። ጀና ከኋላዋ ቆማለች። ሸፊ ማስቀመጫውን በሻሽ ጠርጎ በደረቱ አቅፎ ወረደ። ከባድ ነበር። ባዶውን እንዲህ የሚከብደውን ይህች ሴት ዳገቱን እንዴት ተሸክማው ወጣች አለ በልቡ።

ጊዜው ሰው ከሥራ የሚገባበት ነውና መንገዱ ሞልቷል። ድንች ሻጯ «ሸፊ፣ ገዛህ እንዴ? ስንት አለችህ?» አለችው። «አልገዛሁትም» ብሎ አለፈ። የታክሲ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ጋሼ፣ አበባው ሸሸህ?» አለው፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ሸፊ ዝም ብሎ አለፈ። እንዲህ እያደረገ እስከ ታች መድረስ ይችል ነበር፤ መንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሆንም። የጃለታ ፀጉር ቤት ጋ ሲደርስ ግን ጃለታ ምላጩን በደንበኛው አንገት ላይ እንዳሳረፈ፣ በመስታወቱ ውስጥ አየውና ጠራው።

«ሸፊ። የብርነሽን ማስቀመጫ የት ትወስደዋለህ? ተሰነጠቀ እንዴ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ለምን ትመልሰዋለህ?»

በዳሳ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የእናቱን ስልክ ይነካካል። ከእሱ ጎን ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ቀና ብለዋል። ገጹ ዛሬም እዚያው ነው፣ ነገም ይኖራል፤ አራቱም ቅጂዎች ይኖራሉ። ሸፊ ማስቀመጫውን ቀስ አድርጎ፣ ከንፈሩ እንዳይነካ ተጠንቅቆ ደፉ ላይ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ።

«ጃለታ፣ ምላጩን አንዴ አስቀምጥ» አለ። «በዳሳ፣ አንተም ና ስማ። ያን ያነበብከውን ማን እንደጻፈው ልንገርህ።»